ጾምና ረሃብ በርብ ወንዝ

በዐቢይ ጾም መግቢያ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንጓዝ የተሳፈርንበት መኪና ጎማ ተንፍሶ ከርብ ድልድይ አጠገብ በቆመ ጊዜ፣ ረዳቱ ጎማውን እስኪለውጥ ድረስ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ወንዙ የወረደው መንገደኛ ያገኘው ወንዝ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር የተንጣለለ አሸዋ፣ አሸዋውን በአካፋ የሚጭኑ ጎረምሶችና የሚጠብቃቸው አንድ አይሱዙ ነበር። ከድልድዩ ሥር ግን ከጉልበት የማያልፍ አንድ ኩሬ ቀርቶ፣ በውስጡ ጣት የሚያህሉ ዓሦች አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያዛጉ፣ አንዲት ልጅ በነጠላዋ ጫፍ እየጠለፈች ትለቅማቸው ነበር። ምን ልታደርጊያቸው ነው ብላት፣ ቀና ሳትል «ቢቀሩም ይሞታሉ» ብላ መለሰችልኝ። ይህ ቃል ጎንደር ከገባሁ በኋላም አልተወኝም።

ስለ ጣና እምቦጭ፣ ስለ ገዳማቱና ስለ ታንኳው አንባቢ እስኪሰለች ሰምቷልና ያንን አልደግመውም። እኔን የያዘኝ ከሐይቁ ወደ ላይ ያለው ጉዳይ ነው፤ ወንዙ ሲደርቅ በውስጡ የነበሩት ሕያዋን ወዴት ይገባሉ?

የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲያጠኑ የኖሩት ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰውን ወንዝ ነው፤ የሚደርቀው ወንዝ ጉድለት ያለበት ፍጥረት ተደርጎ ይታይ ስለነበር ከመዝገብ የገባው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ከዓለም ወንዞች ርዝመት ከ51 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው በዓመት ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ቀን መፍሰሱን እንደሚያቋርጥ ስላስረዳ፣ ጉድለት የተባለው ነገር ከሙሉው ሊበልጥ እንደሚችል ታወቀ። እንዲህ ባለው ወንዝ የሚኖሩት ፍጥረታትም ለድርቁ ሥርዓት አላቸው። ጥቃቅኑ ነፍሳት ከጠጠሩ በታች እርጥበቱ እስካለበት ድረስ ይወርዳሉ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በዝናብ ኩሬዎች የሚኖሩ ትናንሽ ዓሦች ወላጆቹ ከኩሬው ጋር ቢያልቁም እንቁላላቸው በደረቀው ጭቃ ውስጥ ተኝቶ የሚመጣውን ዝናብ ይጠብቃል፤ ባለ ሳንባው ዓሣ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ በገዛ ልጋጉ ተሸፍኖ ወራትን ያሳልፋል፤ የኛም አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ሌላው ዓሣ በሚሞትበት ጭቃ ውስጥ ሰንብቶ፣ ሲብስበትም በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ወደ ሌላ ውሃ ይሻገራል። ይህ ሁሉ ጾም ነው፤ መግቢያውና መውጫው የታወቀ፣ ጿሚውም አስቀድሞ የተዘጋጀበት። ርብ ላይ ያየሁት ግን ረሃብ ነው፤ ወንዙ ድሮ በበጋ ይቀጥን እንጂ እንዲህ አይቋረጥም ነበርና፣ በውስጡ የተፈጠሩት ዓሦች ይህን ትምህርት ከየትም አልተማሩትም።

እነዚህ ዓሦች እነማን እንደሆኑ ለማወቅ መጻሕፍትን ማገላበጥ ጀምሬ፣ ከታሰበው በላይ ቆየሁበት። የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ወደ ጎንደር መጥቶ ከብራና መጻሕፍት ጋር የጣናን ዓሦች ይዞ ተመለሰና አንዳንዶቹን በሳይንስ ስም መዘገባቸው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት አንዱን ዓሣ በብዙ ስም፣ ብዙውንም በአንድ ስም ሲጠሩ ኖረው፣ የሆላንድ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጥናት፣ ተራው ሰው ነጭ ዓሣ እያለ በጅምላ የሚጠራው ወገን፣ በሳይንስ ስሙ ላቤዎባርበስ የሚባለው፣ በጣና ብቻ 15 ልዩ ልዩ ዘሮች እንዳሉት አስረዱ። ከእነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው፤ ይህም የሚያስደንቀው የዚህ ወገን ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ ስለሌላቸው ነው። ይህን የመሰለ የዘመዳማች ዓሦች ጉባኤ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅም ነበረ፤ እዚያ ግን ከውጭ የገቡ ዓሦችና ልክ ያለፈ ማስገር ተባብረው አጥፍተውት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. 15ቱ ዘሮች ጠፍተዋል ተብሎ ተመዝግቧል።

ከዚህም ሁሉ የሚደንቅ አንድ ነገር አለ። ተመራማሪዎች የጣናን ወለል በመሰርሰሪያ ወግተው ደለሉን ሲመረምሩ፣ ዛሬ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ይህ ሐይቅ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ራሱ ደርቆ እንደነበር ደረሱበት። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ እንደ ግንብ ስለሚያግደው፣ ሐይቁ መልሶ ሲሞላ የሞሉት ዓሦች ከላይ ካሉት ወንዞች የወረዱ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እንግዲያስ ወንዞቹ በዚያ ዘመን የጣና ዓሦች የኖኅ መርከብ ሆነው ነበር ማለት ነው። ዛሬ መርከቢቱ ናት የምትደርቀው።

የዓሦቹ ኑሮ ከቤተ ክርስቲያን አራት ወቅቶች ጋር ሲሄድ ያየሁትም በዚሁ ንባብ ነው። በዘመነ ክረምት ጎርፉ ሐይቁን ሲያደፈርሰው ቢያንስ ሰባቱ ዘሮች ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይና ወደ መሰሎቻቸው ወንዞች ይወጣሉ፤ የጠራ ውሃ በሚሮጥበት ጠጠር ላይም በሌሊት እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በመፀው የተፈለፈሉት ጫጩቶች በወንዙ ጥልቅ ኩሬዎች እያደጉ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ሐጋይ ሲገባ ግን ወንዙን የሚፈልገው ሌላ ባለጉዳይ ይመጣል፤ እርሱም ሽንኩርት ነው።

በፎገራ ሜዳ፣ ክረምቱን ሩዝ በሚዘራበት፣ በጋውን ሽንኩርትና ቲማቲም በሚተከልበት አገር፣ ከርብ ዳር ጓሯቸው ያለ አንድ ሽማግሌ አግኝቼ ከማንም ይልቅ ከእርሳቸው ብዙ ሰማሁ። «እኔ ልጅ ሆኜ» አሉኝ፣ «በነሐሴ ሌሊት ወንዙ ሲያንኳኳ እንሰማው ነበር። ውሃው አይምሰልህ፤ የዓሣው ጅራት ነው፣ ጠጠሩን ሲያርሰው።» ብርብራ ወቅጠው በውሃው ላይ እየበተኑ ዓሣ ያሰክሩ እንደነበርም አልደበቁኝም። «ኃጢአት ነው፣ ንስሐ ገብቼበታለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ ብርብራ የዛሬውን ዓሣ ይገድላል፣ ለነገው ውሃውን ይተውለታል። ውሃ የሚስበው ሞተር ግን መርዝ የለውም፤ ሞተር ቤቱን ነው የሚያፈርስበት።» እርስዎስ ሞተር አለዎት ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁ። «አለኝ እንጂ፣ ከወንድሜ ልጅ ጋር በእኩል ነው የገዛነው። ልጆቼን ያስተማርኋቸው በሽንኩርት ነው። ዓሣ ማንን አስተምሮ ያውቃል?»

አሠራሩንም እርሳቸው ናቸው ያስረዱኝ። አንዱ ገበሬ ጆንያ በአሸዋ ሞልቶ ወንዙን ይገድብና ሞተሩን ይተክላል፤ ከበላዩ ያለው ደግሞ ከእርሱ ቀድሞ ይገድባል፤ የላይኛው ሲጠግብ ነው የታችኛው ውሃ የሚያየው። አሸዋ የሚጭኑት ጎረምሶች ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበትን ጠጠር እየዛቁ ይወስዳሉ። በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋው አስጋሪ ወደ ላይ የሚወጣውን እናት ዓሣ ስለሚጠብቅ፣ ከጠጠሩ የሚደርሰውም ጥቂቱ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ወንጀለኛ ብዬ ጣቴን የምቀስርበት አላገኘሁም፤ ሁሉም ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው፣ እኛም በሁዳዴ የጾም ጥብስ ብለን ዓሣውን በሽንኩርቱ የምናዝዝ።

ሕጉ ዝም ብሏል እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የአገሪቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ከሰውና ከከብት መጠጥ ጋር ለአካባቢው ተፈጥሮ የሚቀረውን ውሃ ከማንኛውም ድልድል በፊት ያስቀድመዋል። ይህን አንብቤ በደስታ ከአንድ መሥሪያ ቤት ገባሁና፣ በየካቲት ወር በርብ ውስጥ እንዲቀር የታዘዘው ውሃ በሰከንድ ስንት ሊትር ነው ብዬ ኃላፊውን ጠየቅኋቸው። በደብዳቤ አድርገው አሉኝ፤ በደብዳቤ ባደርገው የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው አሉኝ፤ የትኛው ክፍል እንደሆነ ብጠይቅ ስልካቸው ጠራ። ስለ ውሃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 197/1992 ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል፤ በትከሻ ተሸክመውት የሚመጡት ሞተር ባህላዊ ይሁን ዘመናዊ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። የዓሣ ሀብቱ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ደግሞ ስለ አስጋሪውና ስለ ማስገሩ ይደነግጋል፤ ዓሣው የሚዋኝበትን ውሃ የሚወስደው ሰው አስጋሪ ስላልሆነ ማንም ስለ ዓሣ አይጠይቀውም።

የደረሰው ጉዳት ባጭሩ ይህ ነው፦ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሥር ዓመት ያህል ውስጥ ብቻ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ የሆላንድ ተመራማሪዎች መዝግበዋል፤ ያን ጊዜ በዋናነት የተከሰሰው መረቡ ነበር፣ የሞተሩ መብዛት የተጨመረበት ከዚያ ወዲህ ነው። ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አልጠፋም፤ ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልሎች መዝገብ ገብቷል። በርብ ላይ የተሠራው 73 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ሊይዝ የሚችል በመሆኑ፣ በሐጋይ ውሃ ለቆ ወንዙን ሊያጠጣው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ውሃው የታሰበው ለእርሻ ሲሆን፣ ከግድቡ በላይ ያለው ጠጠር ደግሞ ከታች ለሚመጣው ዓሣ ተዘግቷል።

ከሽማግሌው ጋር ስንለያይ ግድቡ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር የሚያነሡት። በባህላዊው መስኖ ተራ የሚያወጣና የሚዳኝ፣ ሕዝቡ የሚመርጠው የውሃ አባት የሚባል ሰው አለ፤ ተራውን የነጠቀ በእርሱ ፊት ይቀጣል፣ የመበለቲቱም ማሳ በእርሱ ቃል ይጠጣል። «ሞተር ሲመጣ የውሃ አባት ተረሳ» አሉኝ፤ «ቦይ ሲሆን ነው እንጂ ሞተርን ማን ይዳኘዋል ተባለ። ቢመለስና ከሳምንቱ አንዷን ሌሊት ሞተር አይነሣ ቢል ውሃው ከታች ይደርስ ነበር። እኔ እታዘዝ ነበር። የወንድሜ ልጅ ግን እንጃ።» የወንድማቸውን ልጅ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ አግኝቼው ይህንኑ ጠየቅሁት፤ ነዳጅ በችርቻሮ በጀሪካን እየገዛ ስለሆነ፣ ከላይ ያሉት ሁሉ ካቆሙ እርሱም እንደሚያቆም፣ ቀድሞ ግን እንደማያቆም ነገረኝ።