ፈጣኗ መኪና ለምን አላረጀችም?

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን እኔና ጓደኛዬ ሲቪያችንን ይዘን ከቢሮ ቢሮ ስንዞር ከረምን። ሁለታችንም የተመረቅነው በኢኮኖሚክስ ነው። ታክሲ ውስጥ አንድ ኢርፎን ለሁለት እንካፈላለን፤ አንዱ ለእሱ ጆሮ፣ አንዱ ለእኔ። እሱ ታዲያ ሁሌ የሚከፍተው አንድ ዘፈን ነው፤ የትሬሲ ቻፕማንን «ፋስት ካር»። ሁለታችንም ሳንወለድ የወጣ ዘፈን እኮ ነው!

ለማታውቁት ላጫውታችሁ። ዘፈኑ የወጣው በ1988 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ቻፕማን ያኔ 24 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት ጁን 11 ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ለኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ልደት ትልቅ ኮንሰርት ተዘጋጀ፤ ማንዴላ ግን ገና እስር ቤት ነበሩ። የስቲቪ ዎንደር መሣሪያ አንድ ዕቃ ጎደለውና በሰዓቱ መጀመር አልቻለም። ቀደም ብላ ዘፍና የወረደችው ቻፕማን ጊታሯን ይዛ ተመልሳ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ስሟ በዓለም ናኘ። ዘፈኑም አሜሪካ ውስጥ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ደረሰ።

በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል ትላላችሁ። አላለቀም። በ2023 የካንትሪ ዘፋኙ ሉክ ኮምብስ እንደገና ዘፈነውና 2ኛ ደረጃ ደረሰ። ኮምብስ የተወለደው በ1990፣ ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ነው፤ በልጅነቱ ያዳመጠውም ከአባቱ ጋር ነው። ሲዘፍነው ግጥሙ ውስጥ ያለችውን የሱቅ ካሸር ወንድ አላደረጋትም፤ እንደነበረች ተዋት። ቻፕማንም በዚያው ዓመት በካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱን ምርጥ ዘፈን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ደራሲ ሆነች።

ታላላቆቻችን ይህን ሲሰሙ «ዘፈንስ ድሮ ቀረ» ይላሉ። እዚህ ላይ ግን ትንሽ ልከራከር። ሰፈራችን ውስጥ ሃምሳ ዓመት የቆመ ቤት አይተን «አይ የድሮ ግንበኛ!» እንላለን። የፈረሱትን ግን ማን ቆጠራቸው? ዘፈንም እንደዚያው ነው። በ1988 የወጣው ሁሉ ጥሩ አልነበረም፤ መጥፎው ተረሳ፣ እኛ የምንሰማው የተረፈውን ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ድሮ ይሻላል ወይ?» ሳይሆን «የተረፈው በምን ተረፈ?» ነው። አንዱ መፈተኛ፣ ዘፈኑ ከመጀመሪያው ዘፋኝ አፍ ወጥቶ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ መኖር መቻሉ ይመስለኛል። የዶሊ ፓርተን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» በ1974 ከዚያም በ1982 የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ነበር። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ወስዳ በፖፕ አዜመችውና ለ14 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ቀደም ሲል ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈልጎ፣ ሥራ አስኪያጁ የባለቤትነት መብቱን ግማሽ ሲጠይቅ ዶሊ እምቢ ብላለች። ዘፈኑ ከአንድ ድምፅ በላይ ዕድሜ እንዳለው የገባት ይመስለኛል። እንዲህ ዓይነት ኢኮኖሚስት የት ይገኛል!

«ፋስት ካር» ሌላም ነገር አለው። ታሪኩ የአንዲት ድሃ ልጅ ነው። ሰካራም አባቷን ለማስታመም ትምህርቷን አቋርጣለች። መኪና ያለው ፍቅረኛ አላት፤ አብረው ሄደው ሌላ ከተማ ኑሮ ሊጀምሩ ነው። ይሄዳሉም። መጨረሻ ላይ ግን ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ብቻ ናት፣ እሱ ደግሞ እንደ አባቷ መጠጥ ቤት ያመሻል።

ታክሲ ውስጥ ጓደኛዬ የሚሰማው መጀመሪያውን ነበር፤ መሄዱን፣ ንፋሱን፣ ፍጥነቱን። እኔ የምሰማው መጨረሻውን ነው። በዚህ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! «አንተ ፈሪ ስለሆንክ ነው» ይለኛል። ዘፈኑ ግን ለሁለታችንም ቦታ ነበረው። ያለ ቦታ መቆየቱ የዚህ ይመስለኛል፤ አንዱን ሰው በሃያ ዓመቱ ሌላ፣ በአርባው ሌላ ነገር ይነግረዋል።

ጓደኛዬ ሄደ። አሁን አሜሪካ ነው፤ ሌሊት ሌሊት መኪና እየነዳ ሰው ያመላልሳል፣ ለእናቱም በየወሩ ይልካል። ደስተኛ ነው ወይ ብትሉኝ፣ ሲደውል የሚያወራኝ ስለ ኪራይ ነው። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ስማ፣ የዚህ ዘፈን መጨረሻው ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ?»

ድሮም እንዲህ ነበር አልኩት። ከዚያ እኔ ደግሞ ከፍቼ መጀመሪያውን ሰማሁት።