ሙሉ ዕንቍላል ወይስ ነጩ ብቻ?

በምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንዳንድ ሰዎች የልብ ሕመም ያመጣል በማለት የዕንቍላሉን አስኳል ጥለው ነጩን ብቻ ይመገባሉ። ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት አልመጣም፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1968 ሰው በሳምንት ከ3 አስኳል በላይ እንዳይበላ መክሮ ነበር። ነገር ግን ያው ማኅበር በ2019 ጤነኛ ሰው በቀን 1 ሙሉ ዕንቍላል ሊመገብ እንደሚችል ገልጿል።

ነጩ ሰውነትን ይገነባል፤ ሆኖም ቫይታሚን ኤና ዲ፥ እንዲሁም አብዛኛው ብረት የሚገኙት በአስኳሉ ውስጥ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት፥ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት 100 ሕፃናት 38ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ነበር።

እንግዲህ በደንብ የተቀቀለ ዕንቍላል ከነአስኳሉ ለሕፃናት ይሰጥ፤ የስኳር በሽታ ወይም የደም ስብ ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። መምህራንም ይህንኑ ለወላጆች እንዲያስረዱ እናሳስባለን።