ገዥው ወረዱ፣ ሕጉ ቀረ
የናይጄሪያዋ ቤኑዌ ሕዝብ ልቅ ግጦሽን በከለከሉት አስተዳዳሪ ላይ የሰጠው ሁለት ፍርድ

ሳሙኤል ኦርቶም ስምንት ዓመት የቤኑዌ ግዛት አገረ ገዥ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2023 ለሴኔት መቀመጫ ተወዳድረው በገዛ አካባቢያቸው ተሸነፉ። በቀጣዩ ወር ደግሞ ፓርቲያቸው የአገረ ገዥነቱን ሥልጣን ለተቃዋሚው አስረከበ። የቤኑዌ መራጭ ሰውየውን አሰናበተ። በእርሳቸው ስም የሚጠራውን የልቅ ግጦሽ እገዳ ግን አላሰናበተም። አዲሱ አገረ ገዥ፣ የካቶሊኩ ቄስ ሃያሲንት አሊያ፣ የተቀናቃኝ ፓርቲ ሰው ሆነው ሳለ ሕጉ እንደሚቀጥል አሳወቁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ለቁም ከብት ነጋዴ ትልቅ ቁም ነገር አለው። አንድ የክልል ወይም የግዛት ሹም ድንገት እገዳ ሲያወጣ በገበያው ውስጥ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ሰውየው እስከ መቼ ይቆያል?» የሚል ነው። የቤኑዌ ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ከሹሙ ዕድሜ ይልቅ መታየት ያለበት ሕዝቡ ከሕጉ ምን አገኘ፣ ምንስ ቀረበት የሚለው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ቤኑዌ የምትገኘው በናይጄሪያ መካከለኛ ቀበቶ ነው። ያም፣ ሩዝ፣ ሰሊጥና አኩሪ አተር የሚመረትባት ስለሆነች «የአገሪቱ የምግብ ቅርጫት» ትባላለች። ከሰሜን ናይጄሪያ ወደ ደቡብ ከተሞች የሚሄደው ከብት አንዱ መተላለፊያም ናት። በቀድሞው ዘመን የቆላ ዝንብ የበዛበት የቤኑዌ ሸለቆ ለከብት አደገኛ ነበር። የገንዲ በሽታ መድኃኒት ሲስፋፋ፣ ደኑ ተመንጥሮ ዝንቡ ሲቀንስ፣ ሰሜኑ ደግሞ እየደረቀ ሲሄድ ፉላኒ አርብቶ አደሮች በብዛት ወደ ደቡብ ወረዱ። በዚያው ዘመን የቤኑዌ አርሶ አደርም ቁጥሩ ጨምሮ የወንዙን ዳር ሁሉ አረሰ። የከብት መንገድና የእርሻ ማሳ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ፤ ግጭቱም ደም የሚያፋስስ ሆነ።

ኦርቶም ሕጉን የፈረሙት ሜይ 22 ቀን 2017 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ከኖቬምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ነው። በመሐል የተሰጠው ጊዜ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። ሕጉ ከብት በሜዳ ለቅቆ ማሰማራትን ይከለክላል፤ ከብት የሚረባው በታጠረ ይዞታ ውስጥ ብቻ እንዲሆን ያዛል። ነጋዴውን በቀጥታ የሚነካው ደግሞ ከብት ከቦታ ቦታ በእግር መንዳትን መከልከሉ ነው፤ የሚፈቀደው በባቡር ወይም በጭነት መኪና ማጓጓዝ ነው። የተያዘ ከብት ወደ ማቆያ ይገባል፣ ባለቤቱ ቅጣት ይከፍላል፣ በጊዜው ካልቀረበ ከብቱ ለጨረታ ይወጣል። ይህን የሚያስፈጽም «የከብት ጠባቂ» የሚባል ኃይልም ተቋቁሟል።

እንዲህ ያለ ሕግ በናይጄሪያ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2016 የኤኪቲ ግዛት ግጦሽን በቀን ሰዓት ገድባ ነበር። ሰፊ የአርብቶ አደር እንቅስቃሴ ባለበት መተላለፊያ ላይ ሙሉ በሙሉ የዘጋው ግን የቤኑዌው ነው።

ፊት ለፊት የሚናገሩ ሹም

ኦርቶም ቃል የሚያለዝቡ ሰው አይደሉም። በወጣትነታቸው ትምህርት አቋርጠው በሾፌርነት የሠሩ፣ በኋላም የንግድና ኢንቨስትመንት ሚኒስትር ዴኤታ የሆኑ ፖለቲከኛ ናቸው። ፕሬዚዳንት ሙሐማዱ ቡሃሪን በራሳቸው ፓርቲ ውስጥ ሆነውም፣ በ2018 ከፓርቲው ከወጡ በኋላም በአደባባይ ይወቅሱ ነበር። ፕሬዚዳንቱ አገሪቱን የፉላኒ ሊያደርጉ ይፈልጋሉ ብለው እስከ መክሰስ ደርሰዋል። በ2021 በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሰጡት ቃለ ምልልስ ጣቢያውን በብሮድካስት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዘንድ አስጠይቆታል።

ይህ አንደበት በቤኑዌ ገጠር ተወዳጅ አደረጋቸው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2018፣ ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ በሁለት ወሩ፣ በጉማና በሎጎ አካባቢዎች ታጣቂዎች ጥቃት አደረሱ። በወሩ 11ኛ ቀን በዋና ከተማዋ ማኩርዲ 73 የሬሳ ሣጥኖች በአንድነት ተቀበሩ። የፌዴራሉ የመከላከያ ሚኒስትር የከብት መንገዶች መዘጋትን ለግድያው መነሻ አድርገው ሲጠቅሱ ኦርቶም በቁጣ መለሱላቸው። ማርች 2021 ደግሞ እርሻቸውን ጎብኝተው ሲመለሱ ተኩስ ተከፍቶባቸው ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሮጠው እንዳመለጡ ራሳቸው ተናገሩ። ለደጋፊዎቻቸው ይህ «ከእኛ ጋር የሚሮጥ መሪ» የሚያሰኝ ነበር።

ግልጽ ንግግር ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ2022 አንድን ፉላኒ ለፕሬዚዳንትነት እንደማይደግፉ መናገራቸው የሕጉን ጉዳይ ከሣርና ከማሳ አውጥቶ የብሔር ጉዳይ አስመሰለው። ሕጉ የሚመለከተው ልቅ ግጦሽን ነው እያሉ ሲከራከሩ ለኖሩት ደጋፊዎች ይህ ንግግር ሸክም ሆነባቸው።

አራት ዓይነት ሕዝብ፣ አራት ዓይነት ሚዛን

ስለ ቤኑዌ ሲወራ «አርሶ አደሩ ደገፈ፣ አርብቶ አደሩ ተቃወመ» ብሎ መዝጋት የተለመደ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሚዛኑ ከሁለት ይበዛል።

አርሶ አደሩ ደግፏል፤ የቲቭ፣ የኢዶማና የኢጌዴ ማኅበረሰብ ድርጅቶችም ከሕጉ ጎን ቆመዋል። ለእነርሱ ሕጉ የማሳ ዋስትና ነበር። ሆኖም ደኅንነቱ በወረቀቱ ልክ አልመጣም። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ዓመታትን በመጠለያ ጣቢያ አሳለፉ። ሕጉን የሚደግፈው ተፈናቃይ ራሱ «ሕጉ አለ፣ እኔ ግን ማሳዬ ላይ አይደለሁም» ከሚልበት ደረጃ ደረሰ።

አርብቶ አደሩ ተቃውሟል። ሚየቲ አላህ ካውታል ሆሬ የተባለው የአርብቶ አደሮች ማኅበር ገና ሕጉ እንደተፈረመ እንደማይቀበለው አስታወቀ። የክርክሩ ፍሬ ሐሳብ ቀላል ነው፦ በጥቂት ወራት ውስጥ መሬት፣ አጥር፣ ውኃና መኖ ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ ከብታቸውን ነድተው ወደ ጎረቤቷ ናሳራዋ ተሻገሩ። በድንበሩ አካባቢ የከብቱ ጥግግት ጨመረ፤ ግጭቱም አብሮ ተሻገረ።

ሦስተኛው ወገን የመንግሥት ሠራተኛውና ጡረተኛው ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ ግጦሽ የሚያስቡት ከደመወዛቸው ቀጥሎ ነበር። ለወራት የተጠራቀመ ያልተከፈለ ደመወዝና ጡረታ በኦርቶም ዘመን ሁሉ የማኩርዲ የየዕለት ወሬ ነበር። የሕጉ ደጋፊ የሆነ መምህር በድምፅ መስጫው ዕለት ደመወዙን ሊያስብ ይችላል። የ2023ቱን ውጤት ያለዚህ ማስረዳት አይቻልም።

አራተኛው ወገን ነጋዴው ነው፤ ድምፁ የሚሰማው ገበያው ሲዘጋ ብቻ ነው። ከቤኑዌ ውጪ የሆነ አንድ ክስተት ይህን በደንብ ያሳያል። በፌብሩዋሪ 2021 መጨረሻ የናይጄሪያ የምግብና የከብት ነጋዴዎች ኅብረት በደቡብ በአባላቱ ላይ ጥቃት ደርሷል በማለት ወደ ደቡብ የሚሄደውን ጭነት አቆመ። ከብት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ መኪናዎች መንገድ ላይ ቆሙ፤ በደቡብ ከተሞች የሥጋ ዋጋ ወዲያው ወጣ። እገዳው በቀናት ውስጥ በድርድር ተነሳ። የደቡብ አገረ ገዥዎች ግን በሜይ ወር አሳባ ላይ ተሰብስበው ልቅ ግጦሽን ለመከልከል ተስማሙ። የነጋዴው ጩኸት የአንድ ሳምንት ዋጋ አንቀሳቀሰ እንጂ የፖሊሲውን አቅጣጫ አልለወጠም።

ያልተሠራው ግማሽ

የቤኑዌ ሕግ ሁለት እግር አለው፦ አንዱ ክልከላ፣ ሌላው የራንች ማቋቋሚያ። የተራመደው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው።

በሕጉ መሠረት ከብት አርቢ በዓመት የሚታደስ ፈቃድ ይዞ መሬት ይከራያል። ጉድጓድ ማስቆፈር፣ አጥር ማጠርና የመኖ ሣር መዝራት ግን ወጪያቸው የሚመለሰው በብዙ ዓመት ነው። ነገ ይታደስልኝ አይታደስልኝ የማያውቅ ሰው በሰው መሬት ላይ ጉድጓድ አያስቆፍርም፤ ባንክም በአንድ ዓመት ፈቃድ አያበድርም። ፌዴራል መንግሥቱ በበኩሉ በ2018 «የከብት ሰፈር»፣ በ2019 ደግሞ «ሩጋ» የተባሉ ዕቅዶችን አቀረበ። ኦርቶም ቤኑዌ ለዚህ የሚሆን ትርፍ መሬት የላትም ብለው አልቀበልም አሉ፤ ሩጋም በወጣ በሳምንታት ውስጥ ታገደ። የ2019ኙ ብሔራዊ የእንስሳት ሀብት ዕቅድም በዝግታ ተጓዘ።

ስለዚህ ወጪው ከላይ ወደ ታች ወረደ። ከብት በእግር ሲነዳ ነጋዴው የሚከፍለው ለነጂዎቹ ነው፤ ሣሩና ውኃው በነፃ ነው። መኪና ላይ ሲጫን ነዳጅ፣ የመጫኛና የማውረጃ ዋጋ፣ የኬላ ክፍያ፣ በጉዞ የሚሰበርና የሚሞት ከብት ይጨመራል። በምላሹ ጊዜ ያተርፋል፣ ክብደትም ብዙ አይቀንስም። ርቀቱ ረጅም፣ መንገዱ ጥሩ፣ ከብቱም የደለበ ከሆነ መኪናው ያዋጣል። ለከሳ ወይም ለርካሽ ከብት ግን የመኪናው ወጪ ትርፉን ይበላል። የእግር ጉዞ ሲከለከል ቀድሞ ከገበያ የሚወጣው በትንሽ ካፒታል ጥቂት ከብት የሚነዳው ነጋዴ ነው።

ማቆያውም የራሱ አደጋ አለው። ከተለያየ መንጋ የተያዘ ከብት በአንድ ግቢ ሲታጎር አፍተግርና የከብት ሳንባ በሽታ በቀላሉ ይተላለፋል። ቅጣቱን ከፍሎ ከብቱን ያወጣ ነጋዴ በሽታውንም አብሮ ሊያወጣ ይችላል። የተለየ ማጎሪያና የእንስሳት ሐኪም ያልተመደበለት ማቆያ ቅጣቱ በደረሰኙ ላይ ከተጻፈው ይበልጣል።

ለእኛ ቀጣና ምን ይነግራል?

በምሥራቅ አፍሪካም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በሜይ 2023 የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ባወጡት ትእዛዝ «ባላሎ» የሚባሉት አርብቶ አደሮች ሰሜን ኡጋንዳን ለቅቀው እንዲወጡ፣ ከኬንያ የሚሻገሩ የቱርካና አርብቶ አደሮችም ጦር መሣሪያ እንዳይዙ ታዘዘ። በአቾሊ አካባቢ ትእዛዙ ድጋፍ ያገኘው ሰብሉ በከብት በተበላበት አርሶ አደር ዘንድ ነው። ምንጩ እንደ ቤኑዌው ነው፤ ከታች የሚገፋ ቅሬታ አለው።

የድንበር ተሻጋሪ ስምምነቶች ደግሞ ገደብ አላቸው። ምዕራብ አፍሪካ ከ1998 ጀምሮ ከብት በሰነድ ድንበር እንዲሻገር የሚፈቅድ የኢኮዋስ ውሳኔ ነበራት። የኢጋድ አባል አገሮች ሚኒስትሮችም በ2020 ተመሳሳይ ፕሮቶኮል አጽድቀዋል። የቤኑዌ ልምድ እንደሚያሳየው ግን ድንበር የሚያሻግር ወረቀት በማሳ መካከል አያሳልፍም። በናይጄሪያ በ1978ቱ የመሬት አዋጅ መሠረት የግዛቱ መሬት በአገረ ገዥው እጅ ነው፤ የሚያሳልፈው ወይም የሚመልሰው እርሱ ነው። በእኛም አካባቢ ከብቱ ኬላውን ካለፈ በኋላ የሚገጥመው የክልሉ፣ የካውንቲው ወይም የቀበሌው ሕግ ነው።

እንዲህ ያለ እገዳ ሲሰማ ነጋዴው ከሹሙ ንግግር አልፎ ሊያጣራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። እገዳው የመጣው ከአርሶ አደሩ ቅሬታ ነው ወይስ ከሹሙ ፉክክር? ከታች የመጣ ከሆነ ሹሙ ቢነሳም ይቆያል፤ የመኪናውን ሒሳብ ከአሁኑ መሥራት ይሻላል። የተፈቀደው መንገድ፣ ማራገፊያና የውኃ ቦታ በጽሑፍ ተለይቷል? የእፎይታው ጊዜ በእጅ ያለውን ከብት ለመሸጥ ይበቃል? የተያዘ ከብት የሚቆይበት ቦታና የቅጣቱ መጠን ይታወቃል? መልሱ ግልጽ ካልሆነ በዱቤ ብዙ ከብት ማንሳት አደጋ ነው።

ናይጄሪያ በጁላይ 2024 ራሱን የቻለ የእንስሳት ሀብት ልማት ሚኒስቴር አቋቁማለች። በጁን 2025 ግን በቤኑዌ የልዋታ በተባለችው መንደር በአንድ ሌሊት ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ። ክልከላው ዛሬም በቦታው አለ። ለከብቱ የሚሆነው የታጠረ ቦታ፣ ውኃና መኖ እስኪዘጋጅ ድረስ አርሶ አደሩ ያለ ሰላም፣ አርብቶ አደሩ ያለ መሬት፣ ነጋዴውም ያለ አስተማማኝ መንገድ ይቆያሉ።