«ይስባል»፣ «ይዋልላል»፣ «ይንቀጠቀጣል»፦ ስለ መኪና አካሄድ ጉድለት ስያሜዎች

በአቃቂ ቃሊቲ ጋራዦች የፒክአፕ አሽከርካሪ «መሪው አልታዘዝ አለኝ» ቢል እንግዳ አይደለም። አነጋገሩ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ጉድለቶችን ያቅፋል። የጥገና መመሪያ ተርጓሚ ካልለያቸው መካኒኩ ደኅናውን ይፈታል፤ የተበላሸው እንደተበላሸ ወደ ጎዳና ይመለሳል።

መኪናው ዘወትር ወደ አንድ ወገን ሲያደላ «ይስባል» እንላለን፤ መንሥኤው የጎማ ነፋስ አለመመጣጠን፣ የማይለቅ ፍሬን ወይም የጎማዎች አሰላለፍ መዛባት ሊሆን ይችላል። ቃሉ የሞተርን ጉልበትም ስለሚገልጽ «ወደ ቀኝ» ወይም «ወደ ግራ» ሊታከልበት ይገባል። መኪናው ወዲያና ወዲህ ሲል ግን «ይዋልላል» ቢባል እንመርጣለን፤ ምርመራውም ወደ ላሉ የመሪ መጋጠሚያዎች፣ ወደ ኩሽኔታና ወደ ባሌስትራ ማሰሪያ ያመራል። ከኋላ ከመጠን በላይ መጫንም በፊት ጎማዎች ላይ ያረፈውን ክብደት ስለሚቀንስ ያዋልላል። መሪው በተወሰነ ፍጥነት ሲርገፈገፍ «ይንቀጠቀጣል»፤ በቅድሚያ የሚታየው የጎማ ሚዛን ነው።

«ጎማ»፣ «ፍሬን»ና «ባሌስትራ» ከጣልያንኛ የመጡ ቢሆኑም በሕዝብ አፍ ጸንተዋልና በአዲስ ቃል መተካታቸውን አንደግፍም። ጥርት ያለ ስያሜ የሚሻው ዕቃው ሳይሆን ጉድለቱ ነው።