ሰንጢው ከኪስ ሳይወጣ

የማኅበረሰብ ቲያትር ነዋሪው ስለ ራሱ ኑሮ፣ በራሱ ሰፈር፣ በራሱ አፍ የሚሠራው ቲያትር ነው። መጋረጃና አዳራሽ አይጠይቅም፤ የቀበሌ ግቢ ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ ይበቃዋል። ወጣቶችን ከስለት ጠብ ለማራቅ የሚመረጥበት ምክንያት ከጠቡ ከራሱ ጠባይ ይነሣል። ጠቡ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ሰፈር ውስጥ፣ በሚተዋወቁ ልጆች መካከል፣ ሰው ከቦ እያየ ነው። ጠቡን ከበው የሚያዩትና ቲያትሩን ከበው የሚያዩት ደግሞ እነዚያው ልጆች ናቸው።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ስለት የሥራ ዕቃ ነው። የቡና ማሳ የሚመነጠረው በገጀራና በማጭድ ነው፤ ሥጋ ቤት ያለ ካራ አይሠራም፤ ሰንጢም ገመድ ለመቁረጥ፣ ፍራፍሬ ለመላጥ ይያዛል። ስለዚህ «ስለት ክፉ ነው» የሚል ትምህርት በጅማ ከተማ ለመንደራ ቆጪ ሰፈር ልጅ ብዙም አይነግረውም። ጥያቄው ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ማታ ከጓደኞች ጋር ሲወጣ፣ ሰንጢው ለምን ኪስ ውስጥ ይቀራል የሚለው ነው። የተለመደው መልስ «ለመከላከያ» የሚል ሲሆን ከጀርባው ፍርሃት አለ። አንዱ ሲይዝ ሌላውም ይይዛል፤ በቡጢ ሊያልቅ የሚችለው ጠብ ሕይወት ያጠፋል።

ይህን ፍርሃት ማስፈራሪያ አያጠፋውም። በአሜሪካ ወጣቶችን ወህኒ ቤት ወስዶ በእስረኞች አንደበት ማስደንገጥ ለብዙ ዓመታት ተሞክሯል። ውጤቱ ሲመዘን በፕሮግራሙ ያለፉት ካላለፉት ይልቅ ወደ ጥፋት አዘንብለው ተገኙ። ደም የሚረጭበት ድራማም ከዚህ አይሻልም፤ የፈራውን ልጅ «እንግዲያው እኔም ልያዝ» ያሰኘዋል።

የተሻለውን መንገድ ያሳየው ብራዚላዊው የቲያትር ሰው አውጉስቶ ቦአል (እ.ኤ.አ. 1931–2009) ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በፔሩ ሲሠራ ተዋንያኑ የአንዲት ተመልካች ምክር እየሰሙ ትዕይንቱን ደጋግመው ለወጡት። ሴትዮዋ ግን ያሰበችው አልሆን ስላላት ራሷ ወደ መድረክ ወጥታ ተጫወተችው። ፎረም ቲያትር የሚባለው ስልት በዚህ መንገድ ተወለደ። ታሪኩ አንድ ጊዜ እስከ መጥፎው ፍጻሜ ይታያል፤ ከዚያ እንደገና ይጀመራል፤ ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ ያስቆምና የአንዱን ሰው ቦታ ወስዶ ሌላ መውጫ ይሞክራል።

ለኢትዮጵያ ይህ እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ከጎዳና ልጆች የተመሠረተው አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቲያትር በፎረም ቲያትር ሠልጥኖ በየሰፈሩ አሳይቷል። ጅማም የራሷ ልምድ አላት፦ ከሰርከስ ኢትዮጵያ ቅርንጫፎች አንዱ የሆነው ሰርከስ ጅማ በዚያው አሥርት ዓመት ተቋቁሟል። የሰርከስ ኢትዮጵያ ትርዒቶች አክሮባትን ከሙዚቃና ከድራማ ጋር አዋሕደው ስለ ኤችአይቪና ስለ ሌሎች ማኅበራዊ ችግሮች በአደባባይ ያስተምሩ ነበር።

ስለ ስለት የሚሠራ ጨዋታ ለጅማ ከሆነ ጊዜው ራሱ ይታወቃል፤ ቡና የሚለቀምበት፣ እጅ ላይ ገንዘብ የሚገባበት፣ ከየአካባቢው የመጣ የቀን ሠራተኛ የሚበዛበት ወቅት ነው። ቋንቋውም አፋን ኦሮሞና አማርኛ ተቀላቅሎ፣ ልጆቹ መንገድ ላይ እንደሚያወሩት መሆን አለበት። ታሪኩ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ጫት ተቅሞ፣ ጨብሲው ተጀምሮ፣ አንዱ የሌላውን ስልክ ይነካል። ግፊያ ይነሣል። «ናቀኝ!» ይላል አንዱ። ከዳር «ወንድ አይደለህም እንዴ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እጅ ወደ ኪስ ይገባል።

ጨዋታውን የሚመራው አወያይ ትዕይንቱን እዚህ ላይ አቁሞ «ማን ምን ቢያደርግ ይህ አይሆንም ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሰንጢ የያዘውን ልጅ ነው፤ ግን ሰው ፊት የተናደደ ልጅ ብቻውን ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል። ትልቁ ሥልጣን ያለው ከዳር በቆመው ጓደኛ እጅ ነው። «ና፣ እናትህ እየፈለጉህ ነው» ብሎ ክንዱን ይዞ የሚወስደው ልጅ ሰበብ ሰጠው፤ ሳይዋረድ የሚሄድበት በር ከፈተለት። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር መድረክ ላይ ወጥቶ አንዴ ለተናገራት ልጅ፣ በእውነተኛው ምሽት አፉ ላይ ትመጣለታለች። የማኅበረሰብ ቲያትር ከየትኛውም ፖስተር የሚበልጠው በዚህ ነው።

ጨዋታው ስለ ውጤቱ የሚናገረው እውነት ብቻ መሆን አለበት። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ለተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ለከባድ የአካል ጉዳት በአንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። የወንጀል ኃላፊነት ከ9 ዓመት ይጀምራል፤ ዕድሜው 15 የሞላውም በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም። በኦሮሞ ባህል ደግሞ የደም ዕዳ ጉማ አለ፤ የአንድ ልጅ የቅጽበት ሥራ መላ ቤተሰቡንና ጎሳውን ለካሣና ለዕርቅ ሽማግሌ ፊት ያስቀምጣል። ሰፈሩ ውስጥ በእርግጥ የሞተን ልጅ ታሪክ መድረክ ላይ ማውጣት ግን አይገባም፤ እናቱ ከተመልካቾቹ መካከል ልትቀመጥ ትችላለች።

ቲያትር ብቻውን ጠብን አያጠፋም። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2004/05 137 የግድያ ወንጀሎች ተመዝግበውባት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከግማሽ በታች የወረደው ፖሊስ፣ ሐኪም፣ ትምህርት ቤትና ቀጣሪ አንድ ላይ ሲሠሩ ነው።

ሐኪሞቹ ለመድረኩ የሚሰጡት አንድ ትምህርት አለ። ብዙ ወጣት «ጭኑን ብወጋው አይሞትም» ብሎ ያስባል። ጭን ውስጥ ትልቅ የደም ቧንቧ ያልፋል፤ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከትዕይንቱ በኋላ ልጆቹ ይህን በእጃቸው ይለማመዱ፦ የተሰካ ስለት አይነቀልም፤ በዙሪያው በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ደሙ ይገታል፤ በ907 አምቡላንስ ይጠራል።