መረጃ፦ አሶሳን ለሚጎበኙ

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን ድንበር በሚያወጣው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላንም በመኪናም ይደረስባታል። የክልሉ ነባር ሕዝቦች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው።

የአካባቢው ወርቅ ከጥንት ጀምሮ ነጋዴንም ወራሪንም ስቧል። በኦቶማን ቱርክ ሥር የነበረችው ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1820–21 ሱዳንን የወረረችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ወርቅ ነበር። ቤኒሻንጉል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ወደ ኢትዮጵያ ግዛት ተጠቃሏል።

የበርታ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። እንግዳ መስጊድ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ በረመዳን ቀን ላይ በአደባባይ ከመብላትና ከመጠጣት ይቆጠባል፤ ሰው ፎቶ ከማንሳቱ በፊትም ፈቃድ ይጠይቃል። በበዓላትና በሠርግ የሚነፋው ዙምባራ በቡድን የሚጫወቱት ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ዜማው የሚሟላው ነፊዎቹ ድምፁን ተራ በተራ ሲቀባበሉ ነው።

በምግብ በኩል የማሽላ ገንፎ፣ ባሚያና ለጋ የቀርቀሃ ቡቃያ ይዘወተራሉ፤ ማንጎም በብዛት ይመረታል።

ዋናው የዝናብ ወቅት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ለጉዞ የሚመቸው በጋው ነው። ቆላማው ምድር ወባማ በመሆኑ አጎበር ያስፈልጋል። ከከተማ ርቆ የሚሄድ ተጓዥ አስቀድሞ ስለ መንገዱ ደኅንነት የአካባቢውን አስተዳደር መጠየቅ ይኖርበታል።