ከደንገሉ ማዶ
ክፍል 4

ደንገል የሚሰፉት እማማ ትናንት «ነገ ብቻሽን ነይ» ብለው ነበር የሸኙኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

መምህሬ የሰጡኝ የመመረቂያ ርዕስ መጀመሪያ ቀሎኝ ነበር፦ የጎጃምና የበጌምድር አነጋገር ባሕር ዳር ላይ እንዴት ተቀላቀለ? አባይ ከጣና እንደወጣ ሁለቱን አገር ለይቶ ይወርዳል። በ1950ዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ደግሞ ፖሊ ቴክኒኩ ሲመጡ ግን ከወዲህም ከወዲያም የመጣው ሰው አንድ ፈረቃ ገባ፣ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጠ። ማንም ሳያዘው ጎረቤቱን የሚያስቀውን ቃል እየተወ ሄደ። እኔ ራሴ አዲስ አበባ አንድ ዓመት ተስቆብኝ «መጥቸ»ን በ«መጥቼ» ለውጬ ተመልሻለሁ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ «ሰምቸ»፣ «ሄጀ» ናት።

መምህሬ ነገሩን ከግሪክ መጀመር ይወዳሉ። በእስክንድር ዘመቻ የአንዱ ከተማ ወታደር ከሌላው ከተማ ወታደር ጋር ሲሰለፍ፣ ነጋዴውም ሲከተል፣ የአቴና አነጋገር መሠረት ሆኖ የሌላው እየታከለበት ኮይኔ የሚባለው የጋራ ግሪክኛ ወጣ። ከስድስት መቶ ዓመታት በኋላ ያው ቋንቋ አክሱም ድረስ መጥቶ በንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ላይ ከግዕዝ ጎን ተቀረጸ። «ይኸ የአሸናፊው ታሪክ ነው፤ አንች የቀረውን ፈልጊ» ብለውኛል።

ጎህ ሲቀድ ከሐይቁ ዳር ደረስኩ። ታንኳዎቹ ውኃቸው እንዲንጠፈጠፍ ቆመዋል። እማማ እርጥብ ደንገል እየሰነጠቁ ነው።

«ቴፑን አምጥተሻል?»

«አዎ እማማ። በስልኬ ነው የምቀዳው።»

«እንግዲያስ ተቀመጭ።»

እማማ ነገደ ወይጦ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 አካባቢ ጎንደር ሲቀመጥ፣ ወይጦዎች ከሌላው ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። ንጉሡ ሁለት ሰዎች አስመጡለት። እንሰቅላችኋለን ቢባሉም አንዲት መልስ አልሰጡም። (እኔም ብሆን አልናገርም!) በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ስለነሱ የጻፈው ጀርመናዊው ሚትቮኽ ያገኘው አማርኛ ብቻ ነው። በ1928 የመጣው ፈረንሳዊው ግሪዮል ግን አንድ ወይጦ በጠፋው ቋንቋ ሲዘፍን ሰማ። ዘፋኙ ራሱ፣ ከጥቂት የጉማሬ ብልት ስሞች በቀር፣ የሚዘፍነውን አያውቀውም ነበር። ዘፈኑም ሳይመዘገብ ቀረ።

ይኸን ስነግራቸው እማማ ደንገሉን አስቀመጡ።

«አፌን የፈታሁ ባማርኛ ነው፤ ሌላ የለኝም። አንድ ነገር ግን አለችኝ። ፍችዋን እንዳትጠይቂኝ፤ እናቴም አታውቀው።»

መቅጃውን ጫንኩ።

ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ጀመረ። አንዲት ቃል እንኳ አልያዝኩም፤ አማርኛ አይደለም፣ አገውኛም አይመስልም። ዜማው ግን ሆዴን አባባው። የት ነው የማውቀው? ሦስተኛው መመለሻ ላይ ሳል ያዛቸውና አቋረጡ። «በቃ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው። «የቀረውን ይዛው የሄደች ታናሽ እኅት ነበረችኝ። ወደ ዳንግላ አግብታ፣ ከየት እንደመጣች ለሰው ሳትናገር ኖረች አሉ።»

እናቴ የዳንግላ ልጅ ናት። አያቴን አላየኋትም።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ።

«ምነው በጧቱ? ደኅና አይደለሽም እንዴ?» አለች እናቴ።

«ደኅና ነኝ እማ። ዝም ብለሽ ይኸን ስሚ።»

ቅጂውን ከፈትኩት። እማማ ሳል ይዟቸው እስካቋረጡበት ድረስ እናቴ ትንፍሽ አላለችም። ቅጂው አለቀ።

ስልኩ ውስጥ ግን ዜማው ቀጠለ።

(ይቀጥላል)